ዓይነ ቁራኛ

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ጫጫ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ሲወጡ፣ ሸኖን አልፎ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ የምትገኘው ጫጫ ለመንገደኛ ሻይ የሚጠጣባት ከተማ ናት፤ ለእኔ ግን እትብቴ የተቀበረባት ናት። የጥር ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ማታ ከለቅሶው ቤት ተመልሰን እትዬ ቤት ምድጃውን ከበን፣ ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ስበን ተቀመጥን። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ልጇ ፖሊስ ነው፤ ምክትል ሳጅን። ከሚሠራበት ወረዳ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል። ወረዳውን አልጠራውም፤ ለምን እንደማልጠራው ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ወሬ ወሬን ሲያነሳ የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የሆነ የባዕድ አገር ፖሊስ መኪና አስቁሞ ከሾፌሩ ጋር ይነጋገራል። ፖሊሱ ራሱ አይታይም። የሚታየው ሾፌሩና የፖሊሱ እጅ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ በተሰካች ትንሽ ካሜራ የተቀረጸ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ለእኛም ቢሰጡን» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ፖሊስ እንዲህ ያለውን ነገር ይጠላል ብዬ ነበር የማስበው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሰው ሁሉ ስልኩን ያነሳብናላ! የሚቀርጸው ደግሞ ከመሀል ነው። መጀመሪያ የተሰደብኩትን፣ የተገፈተርኩትን አይቀርጽም። እኔ ጎትቼ ስይዘው ነው ስልኩ የሚወጣው። የራሴ ካሜራ ቢኖረኝ መጀመሪያውን አሳይ ነበር።»

እትዬ ቡናውን እየቀዳች፣ «እንግዲያው ፖሊስም እንደ ሌባ በዓይነ ቁራኛ ሊጠበቅ ነው በለኛ» አለች።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ ሰው ስለ ነገሩ ሲያወራ እሱ ስለ ቃሉ ያስባል። «ቁራኛ» የምትለዋ ቃል ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ።

ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» ስንል አንዱ ጠባቂ፣ ሌላው ተጠባቂ ነው። ጠባቂው ነፃ ነው፣ ተጠባቂው ነው ጭንቁ። ቃሉ የተወለደበት ሥርዓት ግን እንዲህ አልነበረም። በድሮው ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠር ነበር። ነገሩ የከፋ እንደሆነ፣ በተለይ የነፍስ ጉዳይ ሲሆን፣ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። ቁራኛ ማለት ይኼ ነው። ተከሳሹ እንዳይጠፋ ከሳሹ ይዞት ይሄዳል፤ ነገር ግን ከሳሹም እሱን ጥሎ የትም አይሄድም። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። ከጫጫ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ አለ፤ አፄ ምኒልክ የተወለዱበት፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር እየተመላለሱ ይቀመጡበት የነበረ ስፍራ። ንጉሡ ችሎት ወዳሉበት ዳገት ተቆራኝተው የወጡትን ባለጉዳዮች አስቧቸው። ከሳሽ በመንገድ ላይ ተከሳሹን ቢደበድብ ዳኛ ፊት ይዞት የሚቀርበው የቆሰለ ሰው ነው፤ ቁስሉም የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው።

ቁራኛ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ባለዕዳን ከአበዳሪ ጋር በብረት ማሰር ጭካኔ ነበር፤ ቀረ፣ እሰየው። እኔን የገረመኝ ግን ሥርዓቱ ውስጥ የነበረችው ሐሳብ ናት፦ ጠባቂውም የታሰረ ነው። እኛ ቃሉን ይዘን ይቺን ግማሽ ጣልናት።

አሁን ወደ ካሜራዋ ልመለስ። በየአገሩ ፖሊስ ደረት ላይ ስለምትሰካው ካሜራ የሚጻፉት ደንቦች ሲነበቡ ብዙ ናቸው፤ መቼ ትበራ፣ መቼ ትጥፋ፣ ምስሉ ስንት ቀን ይቀመጥ፣ ማን ይየው፣ ለማን ይሰጥ። ጠበቆች አንድ በአንድ ይከራከሩባቸዋል። እኔ ግን ሁሉም አንዲት ጥያቄ ሆነው ነው የሚታዩኝ። ካሜራዋ የታሰረችው በማን እጅ ነው? ገመዷ ሁለቱንም ካላሰረች ቁራኛ ሳትሆን ልጓም ናት።

ይህን ስል ከባዶ ሜዳ ተነስቼ አይደለም። «ገና ለገና ያልመጣ ካሜራ» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ የፖሊስ ካሜራ ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ አስታውሰዋለሁ። ካሜራው የኖረው ደረት ላይ አይደለም፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። የሚያየውም ፖሊሱን ሳይሆን የተያዘውን ሰው ነው።

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሲያስተላልፍ አገር ቁጭ ብሎ አይቷል። ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት የነበረ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት፣ በምርመራ ላይ ሳሉ የተቀረጸ ቃላቸው ለሕዝብ ቀረበ። ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔ የሰጠው በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ቴሌቪዥኑ ከዳኛው በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀደመ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም ይላል፤ አንቀጽ 20 ላይ ደግሞ ክስ ላይ ያለ ሰው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። በዚያ ምስል ውስጥ ከካሜራው ጀርባ ማን ቆሞ ነበር? ከመቀረጹ በፊት በነበረው ሰዓት፣ በነበረውስ ሌሊት ምን ሆነ? ካሜራው ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅ አልተደረገም።

ይኼ የአንድ ዘመን ኃጢአት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ተዘጋ፤ ብዙዎቻችን ተነፈስን። ብዙም ሳይቆይ፣ ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የሜቴክ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጄር ጄነራል ክንፈ ዳኘው ተይዘው ሲመጡ በካቴና ታስረው በቴሌቪዥን አየናቸው። ገና ችሎት አልቀረቡም። እኔ ያን ቀን ምን አልኩ? ልዋሽ አልችልም፤ ቤቴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ «እሰይ!» ነው ያልኩት። ለተማሪዎቼ ስለ ሰው ክብር ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ ካቴናውን አይቼ ደስ አለኝ። ባለቤቴ «ነገ ያንተ ወንድም ቢሆንስ?» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። ካሜራው ያው ነበር፤ የተቀየረው የተያዘው ሰው ነበር፤ እኔም ከተመልካቾቹ ወንበር አልተነሳሁም።

ስለዚህ «ፖሊስ ካሜራ ይያዝ» ሲባል ወዲያው አላጨበጭብም። በየትኛው በኩል ነው የሚዞረው?

ለነገሩ ሥነ ጽሑፍ እዚህ ላይ ትረዳለች። በአንደኛ መደብ የተተረከ ልብ ወለድ ስታነቡ ተራኪው ሁሉን ያሳያችኋል፣ ራሱን ሲቀር። ፊቱን አታዩትም። ቁጣውን፣ የዓይኑን መቅላት፣ ጥርሱን መንከሱን የምታውቁት እሱ ሲነግራችሁ ነው። በዚያ ላይ ሳታውቁት በእሱ ትከሻ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁና ታዝኑለታላችሁ። ደረት ላይ የምትሰካው ካሜራም የአንደኛ መደብ ተራኪ ናት። ከፊት ያለው ሰው እየጮኸ፣ እየተወራጨ፣ እየቀረበ ይመጣል፤ የለበሳት ሰው ግን አይታይም። ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ያንኑ ድርጊት ከፖሊሱ ደረት በተቀረጸ ምስል ያዩ ሰዎች ከመኪና ላይ በተቀረጸ ምስል ካዩት ይልቅ «አውቆ ነው ያደረገው» ለማለት እንደሚያመነቱ አሳይቷል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ዳንኤል ላሲተር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ስለ ምርመራ ክፍል ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል፤ ካሜራው ተጠርጣሪው ላይ ብቻ ሲያነጣጥር ተመልካቹ ቃሉን በፈቃዱ የሰጠ አድርጎ ይወስደዋል። መርማሪው አብሮ ሲታይ ግን ይጠራጠራል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ዓይን የቆመበት ቦታ ልብን እንደሚያጣምም ግን አንናገርም።

ዘመዶቻችን በደረሰባቸው ላይ ይህን አይተናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2015 በእስራኤል ሆሎን ከተማ ዳማስ ፓካዳ የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር፣ የጦር ሠራዊቱን ልብስ እንደለበሰ፣ በሁለት ፖሊሶች ተደበደበ። መጀመሪያ ፖሊስን አጥቅቷል ተብሎ የተያዘው ግን ራሱ ነበር። ያዳነው መንገድ ዳር የነበረ የጥበቃ ካሜራ ነው፤ የፖሊስ ያልሆነ፣ ለማንም ያልወገነ፣ ከላይ ሆኖ ሁለቱንም ወገን የሚያይ ካሜራ። ምስሉ ወጣ፤ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት፤ ደብዳቢው ፖሊስም ከሥራ ተባረረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ። በሰኔ ወር የአገሪቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ያንኑ ምስል አይቶ በፖሊሱ ላይ የተጀመረውን የወንጀል ምርመራ ዘጋው። አንድ ምስል፣ ሁለት ንባብ። ምስል ያለ አንባቢ አይፈርድም፤ አንባቢው ማን እንደሆነ ነው ወሳኙ።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ደግሞ የበለጠ አስተማሪ ነው። ጆርጅ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ሲገደል ፖሊሶቹ ካሜራ ለብሰው ነበር። የከተማው ፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ግን ሰውየው የጤና ችግር እንዳጋጠመው ነው የተናገረው። ያን ሌሊት ዓለም እውነቱን ያወቀው ዳርኔላ ፍሬዚየር ከተባለች የ17 ዓመት ልጅ ስልክ ነው። የፖሊሶቹ ምስል ሕዝብ ዘንድ የደረሰው በነሐሴ ነበር። ካሜራው ነበረ፣ በርቷልም፤ ቁልፉ ግን ያለው ተጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው።

ሌላው የባልቲሞሩ ፖሊስ ነው፤ ይኼን ሳነብ ለብቻዬ ስቄያለሁ፣ ሳቄም ቶሎ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ነው። እነዚህ ካሜራዎች ቁልፋቸው ሳይነካም በዝምታ ይቀርጻሉ፤ ቁልፉ ሲጫን ከዚያ በፊት የነበረችውን 30 ሴኮንድ ያለ ድምፅ አብረው ያስቀምጣሉ። ፖሊሱ ይህን ዘንግቶታል። ቆሻሻ በተጣለበት ጓሮ ገብቶ የአደንዛዥ ዕፅ ከረጢት በቆርቆሮ ውስጥ አኖረ፤ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ካሜራውን አበራ፤ ተመልሶ ገብቶ ፈለገና «አገኘ»። ያቺ ድምፅ አልባ ግማሽ ደቂቃ አጋለጠችው፤ በኋላም ተፈረደበት። ካሜራዋ ቁልፉን ሲጫን ብቻ የምትሠራ ብትሆን ኖሮ የምናየው የፖሊሱን ድርሰት ነበር፤ ፍርድ ቤትም «ምስሉ ይናገራል» ብሎ አንዱን ምስኪን ይልከው ነበር። እኛስ ሌባ ሻይ የነበረን ሰዎች አይደለን? አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ነው። ልጁ አይዋሽማ! መሣሪያ አይዋሽም እያሉ የሚያምኑ ሰዎች መሣሪያውን ማን እንዳጠጣው አይጠይቁም።

በቁጥርም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ሪያልቶ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ሙከራው ሲጀመር የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም በግማሽ ያህል ቀነሰ፣ አቤቱታም ሊጠፋ ትንሽ ቀረው ተብሎ ዓለም ጨፈረ። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ዋሺንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2,200 በላይ ፖሊሶች የተካተቱበት ጥናት በ2017 ሲወጣ ካሜራ በለበሱና ባልለበሱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ለልዩነቱ ፍንጭ የሚሰጠው በ2016 የወጣ የበርካታ ከተሞች ጥናት ይመስለኛል፦ ካሜራው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲበራ የሚያዘውን ደንብ የተከተሉ ፖሊሶች ኃይል መጠቀማቸው በ37 ከመቶ ቀነሰ፤ ማብራት ማጥፋቱን በራሳቸው ፈቃድ ባደረጉት ዘንድ ግን በ71 ከመቶ ጨመረ። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ ካሜራው አንድ ነው፣ የተለያየው ቁልፉን የያዘው ፈቃድ ነው።

በክልላችን ጠመንጃ በሚያወራበት በዚህ ዘመን ስለ ደረት ካሜራ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልል ሰው ያየውን አይቷል። ግን አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር መንገዱ ዳር ሁሉ ካሜራ በተተከለበት አገር፣ ነገ ፖሊስ ደረት ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም ዕቃው ቀድሞ ደንቡ ከኋላ እንደሚከተል ከልማዳችን እናውቀዋለን። ስለዚህ አስቀድሞ ማውራት ይሻላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ገመና ነው። ፖሊስ የሚጠራው ሰው በክፉ ቀኑ ላይ ሲሆን ነው። ሚስት ተደብድባ ፀጉሯ ተበትኖ፣ የተከበሩ አባወራ ሰክረው ሱሪያቸው ወልቆ፣ የተደፈረች ልጅ መናገር አቅቷት። ካሜራዋ ይህን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። በእኛ አገር፣ በተለይ እንደ ጫጫ ባለ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ከተማ፣ አንዲት ምስል በቴሌግራም ብትለቀቅ ቤተሰብ ይበተናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል። ጥሩ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ያለው ወጣት ግን አዋጁን ከማንበቡ በፊት ምስሉን ለጓደኛው ሊልከው ይችላል። ስለዚህ እኔ ደንብ አውጪ ብሆን (ማንም አይሾመኝም እንጂ) ምስሉን የቀረጸው ሰው ራሱ ከፍቶ ማየት እንዳይችል ነበር የማደርገው፤ ቢያንስ የራሱን ሪፖርት ጽፎ እስኪፈርም ድረስ። አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች አስቀድሞ ማየትን ከልክለዋል፤ ሌሎቹ ይፈቅዳሉ፣ «እንዳይሳሳት» እያሉ። ተማሪ መልሱን አይቶ ፈተና ቢጽፍም አይሳሳትም።

ደግሞስ ቤት ውስጥ «አጥፋልኝ» የማለት መብት ሊኖረኝ አይገባም? ይገባል። ግን መብቱ የእኔ ነው፣ የፖሊሱ አይደለም። የተጎዳችው ሴት አጥፋ ስትል ይጠፋል፤ ፖሊሱ «ለክብሯ ስል አጠፋሁት» ማለት ከጀመረ ግን የሴትየዋ ክብር የዱላ መሸፈኛ ይሆናል። መስመሩ ቀጭን ነው፣ አውቃለሁ። ከመሬት ላይ ያለውን፣ የተያዘውን፣ አቅም የሌለውን ሰው አስቀድመን ካሰብን ግን ብዙውን ጊዜ አይጠፋብንም።

ምስሉ የት ይቀመጥ? አንድ ወዳጄ ጠበቃ «ፍርድ ቤት» ይለኛል። የሆነ ከተማ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ የአባቴን የውርስ ፋይል አይጥ በልቶት ስላገኘሁ ያን ያህል አልተማመንም። ሰብአዊ መብት ኮሚሽንም በየወረዳው የለም። ያም ሆኖ ከፖሊስ ጣቢያ ውጪ የሆነ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል፤ የተቀረጸውም ሰው ቅጂውን በማመልከቻ ሳይሆን በመብት ማግኘት አለበት። ያኔ ገመዱ ሁለቱንም ያስራል። ፖሊሱ የምይዘው ሰው ነገ ይህን ያያል ብሎ ያውቃል፤ ተይዞ የሚሄደውም ስድቤና ግፍተራዬ አብሮ ተቀርጿል ብሎ ያውቃል።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው መንገደኛ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያለፈ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ የተነሳበት ቦታ ይቆማል። የሹም ልጅ ይሁን እረኛ ለውጥ የለውም። ተጣዪዎቹም የማያውቁትን መንገደኛ አስቁመው ዛፍ ሥር ዳኛ ያደርጉት ነበር። ዛሬ መንገደኛው «በሕግ አምላክ» አይልም፤ ስልኩን ያወጣል። የእህቴ ልጅ ከመሀል ይቀርጹናል ብሎ ያማረረው እውነት አለው። እኔ ግን መንገደኛው ስልኩን እንዲያስቀምጥ አልፈልግም፤ የፖሊስ ካሜራ መጣ ተብሎ የሰው ስልክ የሚቀማበት ቀን እንዳይመጣ ነው የምፈራው።

ያን ማታ ታዲያ ይህን ሁሉ ሳሰላስል ቡናው አለቀ፣ እሳቱም ወረደ። የእህቴ ልጅ ግን አልተኛም። ምድጃውን በእንጨት እየቆሰቆሰ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያውን አሳይ ነበር ያልኩት ሁሉ እውነት አይደለም» አለ።

ዝም አልኩ።

«ባለፈው ዓመት አንድ ሰካራም ይዘን ጣቢያ አስገባነው። ካቴና ነበረበት። እናቴን ሰደበ። በጥፊ መታሁት፣ ሁለቴ። ሲነጋ ጆሮው ደም ነበረው። ሰውየው አቤት አለ፤ ሁለት ጓደኞቼ ቆመው ስለነበር ተጠየቁ። ወድቆ ነው አሉ።»

«አንተስ?»

«እኔም ወድቆ ነው አልኩ።» ትንሽ ቆየና፣ «አሁን በግራ በኩል ሲጠሩት አይሰማም። ካሜራ ቢኖር ኖሮ አልመታውም ነበር፣ ጋሼ።»

የተኛች የመሰለችን እትዬ ከጋቢዋ ውስጥ፣ «እግዚአብሔርስ? አያይም ነበር?» አለች።

«እግዚአብሔር ለአዛዡ አያሳይም፣ እማዬ።»

ማንም አልሳቀም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከፕላቶ የምጠቅሳት አንዲት ታሪክ ነበረች፤ ሲያደርጋት የማይታይበት ቀለበት ስላገኘ እረኛ። ሰው ካልታየ ጻድቅ ይሆናልን ብዬ ተማሪዎቼን አከራክር ነበር። አንዳንዱ በዓይን ፍርሃት የመጣ ደግነት ደግነት አይባልም ይል ነበር፤ እኔም ያጨበጨብኩለት ጊዜ አለ። ያን ማታ ግን አላጨበጨብኩም። የሰውየው ጆሮ ፖሊሱ የተወው በፍርሃት ይሁን በጽድቅ አይጠይቅም፤ ቢተወው ይበቃው ነበር። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ስድስት ዓይን ነበር። ያየ አልጠፋም፣ የመሰከረ ነው የጠፋው። ካሜራዋ ብትኖርስ?

ጠየቅኩት። «ጣቢያ ስትገቡ ካሜራዋን ታወልቋት ነበር?»

አሰበ። «መሰለኝ» አለ። «ጣቢያማ ቤታችን ነው።»

እንግዲህ ጣቢያ ውስጥም እንድትበራ የሚያዝ አንቀጽ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህን የጻፍኩት ለደንብ አውጪው ነው። ለእህቴ ልጅ ግን የምለው ጠፍቶኝ አደርኩ። አጎቱ ነኝ፤ ከነገርኩት በላይ የነገረኝን ይዤ ነው ያደርኩት። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 424 የተያዘን ሰው መደብደብ እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል፤ በሥልጠናው ተምሮታል። «ሄደህ እውነቱን ተናገር» አልኩት ሲነጋጋ። «ሥራዬስ?» አለኝ። ሦስት ልጆች አሉት። «ይጻፉት፣ ስሜን ብቻ ይተዉት» አለኝ፤ ይኼው ጻፍኩት፤ ወረዳውንም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። እሱን ሳልጠራ ስል ያንን ሰው ደግሜ እየበደልኩት እንደሆነም አላጣሁትም።

ጠዋት መኪና ተራ ልንሸኘው ወጣን። አመዳዩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! የሞላ!» ይላል፤ አልሞላም ነበር። እትዬ ለልጇ ስንቅ በአንድ ፌስታል፣ ዳቦ ቆሎና በሶ፣ ቋጥራ ሰጠችው። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ሁለተኛ ፌስታል አወጣች።

«ይኼስ?» አላት።

«ለሰውየው። ለዚያ ጆሮው ለማይሰማው።»

የእህቴ ልጅ ፌስታሉን ተቀብሎ፣ አንድ እግሩን ሚኒባሱ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ከኋላው ተሳፋሪ «ግባ እንጂ!» ይላል።

«ምን ብዬ ልስጠው፣ እማዬ?»